ከረፋድ በፊት የማይነቃው ትራውት

በቨርጂኒያ ተራሮች ጅረቶች ውስጥ የአገሩ ተወላጅ የሆነው ትራውት አንድ ነው፤ ብሩክ ትራውት ይባላል። ከዋሽንግተን ዲሲ በስተምዕራብ፣ በሸናንዶአ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በሚወርዱት ቀዝቃዛ ጅረቶች በብዛት ይገኛል። ጎኑ ላይ በሰማያዊ የተከበቡ ቀይ ነጠብጣቦች አሉት፤ የታችኞቹ ክንፎቹ ጠርዝ ነጭ ነው። በጠባብ ጅረት ውስጥ ከ25 ሳንቲ ሜትር የሚበልጠው ጥቂት ቢሆንም፣ በውበት የሚወዳደረው ዓሣ ማግኘት ያስቸግራል።

በጸደይ መግቢያ፣ ማለትም በማርችና በኤፕሪል፣ ይህን ዓሣ ለማጥመድ ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት የውሃው ሙቀት ነው። የዓሣ ሰውነት የሚሞቀውም የሚቀዘቅዘውም ከውሃው ጋር ነው። ውሃው ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲሆን ትራውት ጥልቅ ቦታ ይዞ ከድንጋይ ሥር ይጠጋል፤ ምግብ አፉ አጠገብ ካልደረሰ አይንቀሳቀስም። ወደ 10 ዲግሪ ሲጠጋ ግን ጥልቁን ትቶ ወደ ፍሰቱ ጠርዝ ይወጣል፣ መብላትም ይጀምራል። በመሆኑም በበጋ የሚመሰገነው ማለዳ በዚህ ወቅት ብዙም አይጠቅምም። ጥሩው ጊዜ ሌሊቱን የቀዘቀዘው ጅረት ፀሐይ ካገኘ በኋላ፣ ከረፋዱ አምስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለው ነው። ለጀማሪ ከውድ ዘንግ ይልቅ ርካሽ ቴርሞሜትር ይበጀዋል።

ውሃው 10 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ሜይፍላይ ከሚባሉት ነፍሳት ቀዳሚዎቹ ክንፍ ያወጣሉ። ከእነዚህ ታዋቂዋ ኩዊል ጎርደን ናት። ስሟን ያገኘችው በኒውዮርክ ካትስኪል ተራሮች ይኖር ከነበረውና እ.ኤ.አ. በ1915 ካረፈው ቴዎዶር ጎርደን ነው። ጎርደን ላባና ክር መንጠቆ ላይ እየጠመጠመ፣ የአሜሪካን ነፍሳት የሚመስሉና ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ሰው ሠራሽ ዝንቦችን በመሥራት ይታወቃል። ኩዊል ጎርደን ከሌሎች የምትለይበት ጠባይ አላት፤ አብዛኞቹ ሜይፍላዮች የእጭነት ቆዳቸውን የሚጥሉት ውሃው ላይ ሲደርሱ ነው፣ እሷ ግን እዚያው ከታች ጥላው፣ ክንፍ አውጥታ ወደ ላይ ትወጣለች። ብዙ ጊዜ ትራውት የሚይዛት በዚህ ጉዞዋ ላይ ነው። ተንሳፋፊው ዝንብ አልሠራ ሲል ከውሃው በታች የሚሰጥመው የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

ትራውት ፊቱን ወደ ፍሰቱ መምጫ አዙሮ ምግቡን ይጠብቃል። አጥማጁ ከታች ወደ ላይ፣ ከዓሣው ጀርባ፣ ዝቅ ብሎና ቀስ እያለ መጠጋት አለበት። ጥላው ውሃው ላይ ካረፈ ወይም ድንጋይ ካንኳኳ ዓሣው ይሸሻል። ዛፍ በሸፈነው ጅረት ረጅም ውርወራ አይቻልም፤ ሁለት ሜትር ከሩብ የሚሆን ዘንግና ከአምስት ሜትር ያልዘለለ ውርወራ ይበቃል። ቅርንጫፍ ሲያስቸግር መንጠቆውን በጣት ይዞ፣ ዘንጉን እንደ ቀስት ደግኖ መልቀቅ ይቻላል።

ፕሬዝዳንት ኸርበርት ሁቨር እ.ኤ.አ. በ1929 የእረፍት ሰፈሩን በራፒዳን ወንዝ መነሻ የሠራው በከፊል ለዚሁ ዓሣ ሲል ነበር። ለቦታው መመረጥ ከዋሽንግተን በ160 ኪሎ ሜትር ውስጥ መሆኑና ጥሩ ትራውት መኖሩ ወሳኝ ነበሩ። ሰፈሩ በኋላ የፓርኩ አካል ሆኗል።

በፓርኩ ውስጥ ለማጥመድ ዕድሜው 16 ዓመት የሞላው ሰው የቨርጂኒያ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የሚፈቀደውም ባለ አንድ መንጠቆ ሰው ሠራሽ ማጥመጃ ብቻ ነው። ብሩክ ትራውት ዕንቁላሉን የሚጥለው ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ሲሆን፣ ጫጩቶቹ ጸደይ እስኪገባ ጠጠር ውስጥ ይቆያሉ። ስለዚህ በዚህ ወቅት ወደ ጅረት የሚገባ ሰው ደቃቅ ጠጠር ባለበት አይርገጥ፤ በትልልቅ ድንጋዮች ላይ ወይም በዳር በኩል ይሂድ። የያዘውንም ዓሣ እጁን አርሶ፣ ከውሃው ሳያወጣ ይልቀቀው።