ፅንስ ማቋረጥና ያልታቀደ እርግዝና በኢትዮጵያ

ፅንስ ማቋረጥ (በተለምዶ ውርጃ ወይም ማስወረድ) ፅንሱ ከማኅፀን ውጭ በሕይወት መኖር ከመቻሉ በፊት እርግዝናን ማቆም ነው። እርግዝናው በራሱ ጊዜ ሲቋረጥ መጨንገፍ ይባላል። በኢትዮጵያ ፅንስ ማቋረጥ በመርሕ ደረጃ ወንጀል ሲሆን፣ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ሕጉ በዘረዘራቸው ምክንያቶች በጤና ተቋም እንዲፈጸም ተፈቅዷል። ይህ ሕግ የሚመለከተው እርግዝናው የሚቋረጥበትን ሁኔታ ብቻ ነው። ሳታቅድ አርግዛ ልጁን የምትወልድ ሴት ያላት መብትና ድጋፍ በሌሎች ሕጎችና ተቋማት ተበታትኖ ይገኛል።

የሕጉ ታሪክ

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ፅንስ ማቋረጥን የፈቀደው የእናቲቱን ሕይወት ወይም ጤና ከከባድና ዘላቂ አደጋ ለማዳን ብቻ ነበር። ለዚያም የሁለተኛ ሐኪም ስምምነት ያስፈልግ ነበር። ሐኪም በጣም ጥቂት በነበረበት አገር ይህን ማሟላት ለአብዛኛዋ ሴት የማይቻል ነበር። በዚህ የተነሳ ብዙዎች በድብቅ ያስወርዱ ነበር፤ ባልሠለጠነ ሰው እጅ፣ ንጽሕና በጎደለው መሣሪያ ወይም በመርዛማ ቅጠላ ቅጠል የሚፈጸመው ውርጃም በሆስፒታሎች ከሚታዩ የእናቶች ሞት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ሆኖ ቆየ።

ሕጉ ሲሻሻል የኢትዮጵያ የማኅፀንና ጽንስ ሐኪሞች ማኅበርና የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ይህንን ሞት በማንሳት ሕጉ እንዲላላ ተከራክረዋል። የሃይማኖት ተቋማትና አንዳንድ ክርስቲያን የጤና ባለሙያዎች ደግሞ ተቃውመዋል። በመጨረሻ የወጣው የወንጀል ሕግ (አዋጅ ቁጥር 414/1996) መካከለኛውን መንገድ ያዘ፤ ወንጀልነቱን ሳይሰርዝ የተፈቀዱ ሁኔታዎችን አሰፋ። ሕጉ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ።

በሕግ የተፈቀዱ ሁኔታዎች

በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 መሠረት ፅንስ ማቋረጥ የማያስቀጣው፦

* እርግዝናው በአስገድዶ መድፈር ወይም በቅርብ ዘመዳሞች መካከል በተፈጸመ ግንኙነት የመጣ ሲሆን፤
* እርግዝናው መቀጠሉ ወይም መውለዱ ለእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና፣ ወይም ለልጁ ሕይወት አደገኛ ሲሆን፤
* ፅንሱ የማይድን ከባድ የአካል ጉድለት ሲኖረው፤
* ነፍሰ ጡሯ በአካል ወይም በአእምሮ ጉዳት፣ ወይም ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ምክንያት ልጅ ለማሳደግ ዝግጁ ሳትሆን ስትቀር ነው።

በመጀመሪያው ምክንያት ለምትመጣ ሴት የራሷ ቃል በቂ ማስረጃ ነው። የፖሊስ ማስረጃ ወይም የፍርድ ቤት ውሳኔ እንድታመጣ አትጠየቅም፤ ደፋሪው እስኪያዝ ወይም እስኪፈረድበትም አትጠብቅም።

ድህነት ብቻውን በፈቃድ ምክንያትነት አልተቆጠረም። ሆኖም በአንቀጽ 550 መሠረት እርግዝናው የተቋረጠው በከፋ ድህነት ምክንያት ከሆነ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ያቀላል። ከእነዚህ ውጭ የራሷን ፅንስ ያቋረጠች ሴት በቀላል እስራት፣ ሴቲቱ ሳትፈቅድ ፅንሷን ያቋረጠ ሰው ደግሞ በጽኑ እስራት ይቀጣል።

የአገልግሎቱ አሰጣጥ

ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ1998 ዓ.ም. የአፈጻጸም መመሪያ አውጥቷል፤ በኋላም አሻሽሎታል። በመመሪያው መሠረት ዕድሜዋ ከ18 ዓመት በታች መሆኑን የምትናገር ልጅ የልደት ማስረጃ አትጠየቅም። አገልግሎቱን ከሐኪሞች በተጨማሪ የሠለጠኑ አዋላጅ ነርሶች፣ ነርሶችና የጤና መኮንኖች መስጠት ይችላሉ። በዚህ ምክንያት አገልግሎቱ ከሆስፒታል ወደ ጤና ጣቢያ መውረድ ችሏል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ያለ እርግዝና በጤና ጣቢያ ይስተናገዳል፤ የገፋ እርግዝና ግን ወደ ሆስፒታል ይላካል።

ፅንስ ካቋረጠች ወይም ከጨነገፋት በኋላ ብዙ ደም የሚፈሳት፣ ትኩሳት ወይም መጥፎ ጠረን ያለው ፈሳሽ የታየባት ሴት በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለባት። ድህረ ውርጃ ሕክምና የሚባለው ይህ አገልግሎት፣ እርግዝናው እንዴትም ይቋረጥ፣ ለማንኛዋም ሴት ይሰጣል።

አኃዞች

በተመራማሪዎች ግምት እ.ኤ.አ. በ2008 በኢትዮጵያ ወደ 382,500፣ በ2014 ደግሞ ወደ 620,300 የሚሆኑ ፅንስ ማቋረጦች ተፈጽመዋል። በጤና ተቋም የተፈጸመው ድርሻ በዚህ ጊዜ ከ27 በመቶ ወደ 53 በመቶ አድጓል። ይህም ሕጉ ከወጣ ከ9 ዓመት በኋላም ግማሽ ያህሉ ከጤና ተቋም ውጭ ይፈጸም እንደነበር ያሳያል። በ2014 ከነበሩት እርግዝናዎች 38 በመቶ ያህሉ ያልታቀዱ ነበሩ።

በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ዘመናዊ የወሊድ መከላከያ የሚጠቀሙ ያገቡ ሴቶች እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ 35 በመቶ ደርሰዋል። የእናቶች ሞት እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 የነበረ ሲሆን፣ በ2016 ወደ 412 ወርዷል። ለውጡ የመጣው በሕጉ ብቻ አይደለም፤ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም፣ የጤና ጣቢያዎች መስፋፋትና በሠለጠነ ባለሙያ እርዳታ መውለድ ትልቅ ድርሻ አላቸው።

ለምትወልድ ሴት ያለ ድጋፍ

የእርግዝና ክትትል፣ የማዋለድና የቤተሰብ ዕቅድ አገልግሎት በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች በነፃ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ድጋፍ ግን በአብዛኛው የሴቲቱን ክስ ወይም የአሠሪዋን ሁኔታ የሚጠይቅ ነው።

አባትነት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) መሠረት የካደ አባት በፍርድ ቤት አባትነቱ ሊታወቅ ይችላል፤ ለምሳሌ እናቲቱን በጋብቻ ተስፋ አታሎ ከሆነ፣ አብረው ይኖሩ ከነበረ ወይም ልጁን እንደ አባት ሲረዳ ከቆየ። አባትነቱ ሲረጋገጥ ቀለብ የመስጠት ግዴታ ይከተላል። የአማራ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው (አዋጅ ቁጥር 79/1995)።

የወሊድ ፈቃድ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ (ቁጥር 1156/2011) ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ፈቃድ ከክፍያ ጋር ይሰጣል። ነገር ግን አዋጁ በግል ቤት የሚሠሩ የቤት ሠራተኞችን አይሸፍንም። ስለዚህ ያረገዘች የቤት ሠራተኛ ሥራዋን፣ ማደሪያዋንና ምግቧን በአንድ ቀን ልታጣ ትችላለች።

ጉዲፈቻ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2010 ዓ.ም. የውጭ ጉዲፈቻን ከከለከለ ወዲህ የቀሩት አማራጮች የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ፣ የዘመድ አሳዳጊና ማሳደጊያ ተቋማት ናቸው።

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ

ባሕር ዳር የአማራ ክልል ርእሰ ከተማ፣ የዩኒቨርሲቲ ከተማና ከገጠር ወረዳዎች ለሥራ የሚመጡ ወጣት ሴቶች መድረሻ ናት። በ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) ጥናት መሠረት የአማራ ክልል ሴቶች ከአገሪቱ ሁሉ በለጋ ዕድሜ የሚያገቡ ነበሩ። ከጋብቻ ሸሽተው ወይም ከፍቺ በኋላ ወደ ከተማ ከሚመጡት ብዙዎቹ በቤት ሠራተኝነት ይቀጠራሉ።

ከተማዋ ውስጥ የፈለገ ሕይወትና የጥበበ ግዮን ሪፈራል ሆስፒታሎች አሉ። የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበርና ሜሪ ስቶፕስም ክሊኒክ አላቸው። ሁለቱም ሆስፒታሎች የሚገኙት ከዓባይ ወንዝ በስተምዕራብ ስለሆነ ከዓባይ ማዶ የሚሄድ ሰው ድልድዩን መሻገር አለበት። አዲሱ የዓባይ ድልድይ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ተመርቋል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅና የሰዓት እላፊ ሲታወጅ፣ በሌሊት ወደ ሕክምና መሄድ ይበልጥ ከባድ ሆኖ ነበር።

በማኅበራዊ ድጋፍ በኩል ከባሕር ዳር ብዙም በማይርቀው በሞሰቦ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ብርሃነ ሔዋን የተባለ ፕሮግራም ልጃገረዶች ሳያገቡ በትምህርት እንዲቆዩ ሠርቷል። ብሩህ ተስፋ የተባለው ደግሞ በአዲስ አበባ ተጀምሮ ባሕር ዳርን ጨምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች ተስፋፍቷል፤ የቤት ሠራተኞችንና ከቤተሰብ ተለይተው የሚኖሩ ልጃገረዶችን በቡድን እያሰባሰበ መሠረታዊ ትምህርትና የጤና መረጃ ይሰጥ ነበር። በከተማዋ የሚገኘው ግሬስ ማዕከል የድሃ እናቶችን ልጆች ቀን ቀን እየተንከባከበ፣ እናቶቹ ልጆቻቸውን ሳይጥሉ ሠርተው እንዲያሳድጉ ይረዳል።

ክርክሮች

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንና ሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ፅንስ ማቋረጥን ነፍስ እንደ ማጥፋት ያዩታል። በእስልምናም በመሠረቱ የተከለከለ ሲሆን፣ የእናትን ሕይወት ለማዳን ሲሆን ብዙ ሊቃውንት ይፈቅዳሉ። በእምነታቸው ምክንያት አገልግሎቱን ለመስጠት የሚያቅማሙ የጤና ባለሙያዎች አሉ።

የገንዘብ ምንጩም ያከራክራል። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣውና የሜክሲኮ ሲቲ ፖሊሲ የሚባለው ደንብ፣ ፅንስ ለማቋረጥ ለሚሠሩ የውጭ ድርጅቶች እርዳታ ይከለክላል። እ.ኤ.አ. በ2017 እንደገና ሥራ ላይ ሲውል የቤተሰብ መምሪያ ማኅበርና ሜሪ ስቶፕስ የአሜሪካን ድጋፍ አጥተዋል። ያጡት ገንዘብ የወሊድ መከላከያ የሚዳረስበትንም ይጨምር ነበር። ደንቡ እ.ኤ.አ. በ2021 ተነሥቶ በ2025 ተመልሷል።

ሕጉን የሚደግፉትም የሚቃወሙትም በአንድ ነገር ሊስማሙ ይችላሉ፦ ባሏ፣ ቤተሰቧ ወይም አሠሪዋ የገፋት ነፍሰ ጡር የምታርፍበት ቦታና የምትኖርበት ገቢ ከሌላት፣ ምርጫዋ በሕጉ ሳይሆን በችግሯ ይወሰናል።