ትልቅ የፕሮቲን ክሪስታል በደብረ ታቦር ብርድ

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ሌሊት የጉና ተራራ ብርድ አጥንት ይሰረስራል። የፕሮቲን ክሪስታል ለሚያሳድግ ባለሙያ ትልቁ ፈተና ይኸው የሙቀት መዋዠቅ ነው።

ለምሳሌ በእንቁላል ነጭ ውስጥ ያለውን ላይሶዛይም የተባለ ፕሮቲን እንውሰድ። የዴቪድ ፊሊፕስ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1965 ለንደን ላይ ቅርጹን በኤክስሬይ ያወቀው ከክሪስታሉ ነው። ክሪስታሉን ለማሳደግ ፕሮቲን፣ ጨውና አሲዳማ ባፈር (አሲድነቱ እንዳይለዋወጥ የሚያደርግ ፈሳሽ) የያዘች ጠብታ ከመስታወት ክዳን ሥር ትንጠለጠላለች። ውሃዋ በዝግታ እየተነነ ታች ወዳለው ጨዋማ ፈሳሽ ይሄዳል፤ ፕሮቲኑ ይበዛባትና ክሪስታል ይጀምራል።

ሌሊት ድንገት ሲቀዘቅዝ ግን የላይሶዛይም የመሟሟት አቅም ይወርዳል። ብዙ ክሪስታሎች በአንዴ ይጀምሩና ያለውን ፕሮቲን ይሻማሉ፤ የሚገኘው እንደ ጤፍ የደቀቀ ክምር ብቻ ይሆናል።

መፍትሔው ጥቂቶች ብቻ እንዲጀምሩ ማድረግ ነው፦ ፕሮቲኑን በደንብ ማጥራት፣ ጨዉን ቀነስ ማድረግ፣ ጠብታዋ ያለችበትን ሳጥን ሙቀቱ በማይዋዥቅ ቦታ አስቀምጦ አለመነካካት። ከሁሉም የሚያዋጣው ግን ከደቀቁት አንዷን አንስቶ፣ በራሱ ክሪስታል ለመጀመር ገና ባልደረሰ አዲስ ጠብታ ውስጥ መዝራት ነው።

የደብረ ታቦር የኬሚስትሪና የባዮሎጂ መምህራን ከተማሪዎቻቸው ጋር ይሞክሩት። እንቁላሉም ጨዉም ከገበያ ይገኛል።