ግማሽ በር በሙሉ ዋጋ

ላሜራው ከወገቡ በላይ የተቆረጠ፣ መስታወትም የመስታወት ማንሻ ሞተርም የሌለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከመኪናው የኤሌክትሪክ ቁልፍ ጋር የማይገናኝ በር ለገበያ ቢቀርብ ማን ይገዛዋል? ለሶማሌ ተራ ደንበኛ ጥያቄው ቀልድ ይመስላል። በአሜሪካ የጂፕ ራንግለር ዕቃዎች ገበያ ግን ይህ በር ገዢ አላጣም። ለባለ አራት በር መኪና የሚሆነው ሙሉ ስብስብ በሺህ በሚቆጠር ዶላር ይሸጣል። ከሁሉ የሚገርመው ገዢው በሩ የተሰረቀበት ወይም በግጭት የተጎዳበት ሰው አለመሆኑ ነው። የሙሉ በሮቹን ዋጋ መኪናውን ሲገዛ ከፍሏል፤ በሮቹም ደህና ናቸው። እነርሱን አውልቆ ጋራዥ ውስጥ ያስቀምጥና ሌላ ገንዘብ አውጥቶ ግማሹን ይገጥማል።

ነገሩን ለመረዳት ወደ ኋላ መለስ ማለት ያስፈልጋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዊሊስና ፎርድ ከ600,000 በላይ ጂፖችን ሲያመርቱ የብረት በር አልገጠሙላቸውም። ወታደሩ ዘሎ መግባትና ዘሎ መውጣት ነበረበት። ከጦርነቱ በኋላ ለሲቪሉ ገበያ የቀረበው ጂፕም ይህንኑ ጠባይ ወረሰ። እ.ኤ.አ. በ1986 የተዋወቀው ራንግለርም ሆነ በ1996 የተከተለው ትውልድ በሸራ ጣሪያ ሲሸጡ የብረት ግማሽ በር ይዘው መምጣታቸው የተለመደ ነበር። ከላይ የሸራና የፕላስቲክ መስኮት ይሰካበታል፤ ሙቀት ሲመጣ ተነቅሎ ይቀመጣል። ሙሉ በርና የሚወርድ መስታወት የፈለገ ሰው ተጨማሪ ይከፍላል። በአጭሩ በዚያን ጊዜ ግማሽ በር የርካሹ መኪና ምልክት ነበር።

እ.ኤ.አ. ለ2007 የወጣው ራንግለር ይህን ገለበጠው። ባለ አራት በሩ ሞዴል ቤተሰብ ያለውን ሸማች ወደ ጂፕ አመጣ። የኤሌክትሪክ መስኮትና ቁልፍም አብሮ መጣ። የሚገርመው መሐንዲሶቹ የመስኮቱን መቆጣጠሪያ በበሩ ላይ ሳይሆን መሀል ላይ ከሬዲዮው አካባቢ ማስቀመጣቸው ነው፤ በሩ አንድ ቀን መውለቁ እንደማይቀር ያውቁ ነበርና። በ2017 መጨረሻ ቀጣዩ ትውልድ ሲወጣ ግን ከፋብሪካ የሚመጣ ግማሽ በር አልነበረውም። ፍላጎቱ አልጠፋም፤ የጠፋው አቅራቢው ነው። ክፍተቱን የሞሉት ከመኪናው አምራች ውጪ ያሉ ዕቃ ሠሪዎች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1954 በኮሎራዶ ግዛት ቦልደር ከተማ የተመሠረተውና በሸራ ጣሪያ የሚታወቀው ቤስቶፕ ነው።

ሌሎች ሲሸጡ ለጥቂት ዓመታት የተመለከተው ጂፕ በ2021 ራሱ ወደ ገበያው ተመለሰ። አዲስ ራንግለር የሚያዝ ሰው ሙሉና ግማሽ በሮችን በአንድነት እንዲያገኝ አማራጭ አቀረበ። የተጨማሪው ዋጋ ለባለ ሁለት በሩ ከሁለት ሺህ ዶላር በላይ፣ ለባለ አራት በሩ ደግሞ ወደ አራት ሺህ ዶላር የሚጠጋ ነበር። ፎርድ ብሮንኮ የተባለውን ተፎካካሪ መኪና ከነተነቃይ በሮቹ ለገበያ ያበቃው በዚያው ዓመት ነው። አባት ገንዘብ ቢያጥረው የገዛውን ግማሽ በር ልጅ ገንዘብ ሲተርፈው ይገዛዋል ማለት ነው።

ለመሆኑ ጥቅሙ ምንድን ነው? በድንጋይ መንገድ ላይ ለሚነዳ ሰው ጥቅሙ እውነተኛ ነው። በዩታ ግዛት ሞአብ ከተማ ከ1967 ጀምሮ በሚካሄደው የፋሲካ የጂፕ ጉዞ ወይም በካሊፎርኒያው የሩቢኮን ጎዳና ላይ ሾፌሩ ክርኑን በበሩ ጠርዝ ላይ አስደግፎ፣ ወደ ውጪ ዘንበል ብሎ፣ ጎማው የትኛው ድንጋይ ላይ እንዳረፈ በዓይኑ ያያል። በሩን ጨርሶ ማውለቅም ይቻላል፤ ያውም በነፃ። ነገር ግን በር የሌለው መኪና ቦርሳ፣ ስልክና ውሻ ያንጠባጥባል፤ ጭቃውም ቀጥታ ጭን ላይ ነው የሚያርፈው። ከቱቦ የተሠራ በር ደግሞ ርካሽ ቢሆንም የሚከላከለው እምብዛም የለም። ግማሽ በር የሚሸጠው በእነዚህ መካከል ባለው ቦታ ነው። በሀቅ ለመናገር ግን ከተሸጡት ግማሽ በሮች ብዙዎቹ ከሱፐርማርኬት መኪና ማቆሚያ የራቀ ድንጋይ የሚያዩ አይመስልም። ገዢው መልኩንም ይገዛል፤ ይህ ደግሞ ነውር አይደለም።

ሒሳቡ የሚጀምረው ከግዢው በኋላ ነው። በኮሎራዶ ዋና ከተማ ዴንቨር የሚኖር አንድ የራንግለር ባለቤት እንውሰድ። ግንቦት ላይ በሮቹ በካርቶን ታሽገው ይደርሱታል። የፋብሪካውን በር ለማውለቅ የማጠፊያውን ቡሎኖች በኮከብ ቅርጽ መፍቻ ይፈታል፤ የኤሌክትሪክ መሰኪያውን ይነቅላል፤ በሩ እንዳይገነጠል የሚይዘውን ማሰሪያ ያላቅቃል፤ ከዚያም ከጎረቤቱ ጋር ሆኖ ወደ ላይ ያነሳዋል። ይህ እንኳ ዕዳው ገብስ ነው። አዲሱን በር መስቀል ቀላል ቢሆንም ልክ እንዲዘጋ ማድረግ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። መቆለፊያውን በሚሊሜትር ወዲህ ወዲያ እያደረጉ ካላስተካከሉት በሩ ይንኳኳል፤ የበሩ ላስቲክ በደንብ ካልተጫነም በመጀመሪያው ዝናብ ውኃ ወንበር ላይ ይወርዳል።

ወዲያው የሚታወሰው ስፖኪዮ ነው። በራንግለር ላይ ስፖኪዮው የተገጠመው በሙሉው በር ላይ ስለሆነ በሩ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ቢያንስ የግራው ስፖኪዮ በሕግ የግድ ነው። አንዳንድ ግማሽ በሮች የፋብሪካውን ስፖኪዮ ለመቀበል የተዘጋጀ ቦታ አላቸው፤ ሌሎቹ የላቸውም። ለሌላቸው ደግሞ በማጠፊያው ላይ የሚታሰር ስፖኪዮ ለብቻው ይሸጣል፤ መንገዱ ሻካራ ሲሆን ይንቀጠቀጣል። ብሮንኮ በዚህ በኩል ብልጫ አለው፤ የእርሱ ስፖኪዮ የተገጠመው ከበሩ ውጪ በመኪናው አካል ላይ በመሆኑ በሩ ቢወልቅም ባለበት ይቀራል።

ሰኔና ሐምሌ ደስታ ነው። ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ ነፋሱ ይጣፍጣል። በዴንቨር ግን በበጋ ከቀትር በኋላ ነጎድጓድ ድንገት ይመጣል፤ አንዳንዴም በረዶ ይዞ ነው። የላይኛው የሸራ መስኮት ቤት የቀረ እንደሆነ ከቢሮ ሲወጣ የሚያገኘው የተነከረ ወንበር ነው። መስኮቱን ይዞት ቢዞር ደግሞ የኋላው ወንበር የመስኮት መጋዘን ይሆናል። በአውራ ጎዳና ላይ በፍጥነት ሲነዳ ነፋሱ ጆሮ ሥር ስለሚሽከረከር የስልክ ንግግር የማይታሰብ ነው፤ ከጎን ከተቀመጠ ሰው ጋር ለመነጋገርም ድምፅ ከፍ ማድረግ ይጠይቃል። በልግ ሲመጣ መስኮቱ ይሰካል። ፕላስቲኩ በአቧራ እየተፈተገ ይደበዝዛል፤ በብርድ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፤ ዚፑም አሸዋ ከያዘ አልንቀሳቀስ ይላል። ቀድሞ አንድ ቁልፍ ነክቶ መስኮት ይከፍት የነበረ ሰው፣ ከመኪና ማቆሚያ ቲኬት ለመውሰድ ዚፕ ይስባል።

ከሁሉ የሚከፋው የሌባው ጉዳይ ነው። በሩ ቢቆለፍም ቁልፉ የሚጠብቀው ላሜራውን እንጂ ሸራውን አይደለም። አንድ ስለት ያለው ቢላዋ ሥራውን በሰከንዶች ይጨርሳል። በዚህ ምክንያት ብዙ የሸራ ጣሪያ ያላቸው የጂፕ ባለቤቶች በሩን ሳይቆልፉ መሄድን ይመርጣሉ። ሌባው ባዶ መኪና ፈትሾ ይሂድ እንጂ መቶ ዶላሮች የሚያወጣውን መስኮት አይቅደድ ነው ሐሳቡ። ውድ ዕቃ ያለው ሰው ደግሞ ከመኪናው ወለል ጋር በቡሎን የሚታሰር የብረት ሣጥን ይገዛል። በኮሎራዶ የሚገኘው ታፊ የተባለ ኩባንያ የቆመው በዚህ ሥራ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ነጋዴው ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ግማሽ በር ብቻውን አይሸጥም። ስፖኪዮ ይጠራል፤ የላይኛውን መስኮት ይጠራል፤ የመስኮት ከረጢት፣ የብረት ሣጥን፣ የወለቁትን ሙሉ በሮች ግድግዳ ላይ የሚሰቅል ማንጠልጠያ ይጠራል። በሩ ጥቁር ሆኖ ስለሚመጣ ከመኪናው ቀለም ጋር ማመሳሰል የፈለገ ደግሞ ቀለም ቀቢ ዘንድ ይሄዳል። ሻጩ በበሩ ላይ ያለውን ትርፍ ዝቅ አድርጎ እንኳ ደንበኛውን ቢስብ በተከታዮቹ ዕቃዎች ያካክሰዋል።

ለስሌት ያህል ብቻ እንዲህ እንበል። በሮቹ 3,000 ዶላር፣ የላይኛው መስኮት 1,000፣ ቀለም 800፣ ስፖኪዮ 200 ቢሆኑ ድምሩ 5,000 ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ በሮቹና መስኮቶቹ በግማሽ ዋጋ ቢሸጡ 2,000 ዶላር ይመለሳል። የተበላው 3,000 ዶላር ለሦስት ዓመት ሲካፈል በዓመት 1,000 ይሆናል። ከበጋው ወራት ዝናቡ፣ ረጅም ጉዞውና ከተማ ውስጥ መኪናውን ማቆም የሚያሰጋበት ቀን ተቀንሶ ስልሳ ቀን ቢነዳበት፣ የአንድ ቀኑ ነፋስ ወደ 17 ዶላር ይጠጋል። ይህን አውቆ የሚከፍል ሰው አልተሞኘም። የሚሞኘው በሩን በ3,000 ዶላር ገዛሁ ብሎ የሚያስበው ነው።

የደህንነቱም ነገር መታለፍ የለበትም። የአሜሪካ የፌዴራል የበር ቁልፍ ደንብ ያለ በር እንዲነዱ ተደርገው ለተሠሩ መኪናዎች የሚገጠሙ፣ በቀላሉ የሚወልቁ በሮችን ከግዴታው ነፃ ያደርጋል። ስለዚህ ግማሽ በር ሻጩ ሕግ አልጣሰም፤ ገዢውም ቢሆን የሙሉ በር ያህል ጥበቃ ገዝቻለሁ ማለት አይችልም። ጂፕ ራሱ በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ በሮቹ ወልቀው በሕዝብ መንገድ ላይ እንዳይነዳ ያስጠነቅቃል፤ የሚሰጡት ጥበቃ ይቀራልና። ግማሽ በር በዚህና በሙሉው በር መካከል ያለ ነገር ነው። ሕፃን የሚያመላልስ ሰው ይህንን ከዋጋው አስቀድሞ ቢያስብበት ይበጀዋል። ኢንሹራንሱንም እንዲሁ፤ በኋላ የተጨመረ ዕቃ በውሉ ላይ ካልተመዘገበ የሚከፈለው ካሳ ውሱን የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

በሻጩ በኩል ያለው ራስ ምታት መጋዘን ነው። የአንዱ ትውልድ በር ለሌላው አይሆንም። የባለ ሁለት በሩ የፊት በር ረዘም ስለሚል ለባለ አራት በሩ አይገጥምም። ስለዚህ አንድ ነጋዴ ሁሉንም ደንበኛ ለማስተናገድ ብዙ ዓይነት በር መያዝ አለበት፤ ትልቅና ለማጓጓዝ የሚያስቸግር ዕቃ ደግሞ ገንዘብ አስሮ ይቀመጣል። በዚህ ላይ በ2025 የአሜሪካ መንግሥት ከውጭ በሚገባ ብረትና አሉሚኒየም ላይ የጣለውን ቀረጥ በመጋቢት ወደ 25 በመቶ፣ በሰኔ ደግሞ ወደ 50 በመቶ ከፍ አድርጎታል። በር አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ደግሞ ከእነዚህ ብረቶች ነው።

ያገለገለው ገበያ የራሱ ጠባይ አለው። ከ2006 በፊት ለነበሩት ራንግለሮች ፋብሪካው ራሱ የሠራው ኦሪጅናል ግማሽ በር፣ በተለይ ዝገት ያልነካው፣ ፈላጊው ብዙ ነው። መኪናውን ለመሸጥ የሚያስብ ሰው ግን ጋራዥ ውስጥ የሰቀላቸውን ሙሉ በሮች እንዳይሸጥ ይጠንቀቅ። ሁለተኛው ገዢ ከሚጠይቃቸው የመጀመሪያ ጥያቄዎች አንዱ ዋነኞቹ በሮች የት እንዳሉ ነው፤ የሉም ከተባለ ድርድሩ የሚጀምረው ከታች ነው። ወቅቱም ዋጋ አለው። ብርድ ሲገባ በርካታ ባለቤቶች ግማሹን አውርደው ሙሉውን ይሰቅላሉ፤ ጋራዡ የጠበበውም ለሽያጭ ያወጣዋል። ገዢው ግን የሚመጣው ፀሐይ ስትወጣ፣ ሚያዝያ ላይ ነው።