ኪንታሮትና የሰውነታችን ዘበኞች

በብልቱ ላይ ኪንታሮት የወጣበት ሰው ወይ አፍሮ ይደብቀዋል፤ ወይ በምላጭ ይቆርጠዋል። ሁለቱም አይበጁም።

ከ100 የብልት ኪንታሮት 90 ያህሉን የሚያመጡት ቁጥር 6ና ቁጥር 11 የተባሉት የፓፒሎማ ቫይረሶች ናቸው። ከቆዳ አልፈው ወደ ደም ስለማይገቡ የሰውነት ዘበኞች ቶሎ አይነቁባቸውም።

ዘበኞቹ ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። ከነሱም አጥቂዎች አሉ፤ አዛዦች አሉ፤ ጥቃቱ መጠን እንዳያልፍ የሚገቱም አሉ። ገቺዎቹ ሲበረቱ ኪንታሮቱ ይሰነብታል፤ አዛዦቹና አጥቂዎቹ ሲያይሉ አንዳንድ ጊዜ ያለ መድኃኒት ይከስማል። ኤችአይቪ አዛዦቹን ስለሚያጠፋ፣ በሕክምና ባልተረዳ ሕመምተኛ ላይ ኪንታሮቱ ይበዛል።

ምላጭ የሚታየውን ይቆርጣል እንጂ ሚዛኑን አያቃናም። ሐኪም የሚያዝዘው ኢሚኪሞድ የተባለው ቅባት ግን ራሳቸውን ዘበኞቹን ይቀሰቅሳል። እንግዲህ ኀፍረቱን ትታችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ።