እንግዳም አይደለች፣ ሠራተኛም

ከፍራይቡርግ ወጣ ብላ ባለች ትንሽ የጀርመን ከተማ የመጀመሪያ እራቴን ስበላ ጠረጴዛው ላይ የነበረው ጥቁር ዳቦ፣ ቅቤ፣ አይብ፣ በስሱ የተቆረጠ ቋሊማና ኪያር ነው። ትኩስ ነገር የለም። አንዲት ቁራሽ ዳቦ በአይብ በላሁና ወጡ እስኪቀርብ ጠበቅሁ። ወጥ አልመጣም። የቤቱ እናት «ልጨምርልሽ?» ስትለኝ እንዳደግሁበት ወግ «በቃኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አልኳት። እኛ ቤት ቢሆን ነገሩ ገና መጀመሩ ነበር፤ «በሞቴ» ይመጣል፣ «አፈር ስሆን» ይከተላል፣ ሳህኑም ይሞላል። እሷ ግን ፈገግ ብላ የአይቡን ዕቃ ከደነችው። እኔ ተርቤ ተኛሁ፤ እሷም ጠግባለች ብላ በሰላም ተኛች። ሁለታችንም ያደረግነው ጨዋ ሰው የሚያደርገውን ነው።

በኋላ እንደተረዳሁት የማታው ምግብ ስሙ ራሱ «አቤንድብሮት» ነው፤ የማታ ዳቦ ማለት ነው። በብዙ የጀርመን ቤቶች ትኩስ ምግብ የሚበላው ምሳ ላይ ነው። አንድ ሰው ይህን ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ያ ሌሊት ሌላ ይሆን ነበር። ዛሬ ጀርመንኛ አስተምራለሁ፤ ከተማሪዎቼም መካከል እኔ ያኔ እንደሄድሁት ለኦ ፔርነት የሚሰናዱ ወጣቶች አሉ። ይህን የምጽፈው ለእነሱና ለሚሸኟቸው ወላጆች ነው።

«ኦ ፔር» የፈረንሳይኛ ቃል ነው፤ «በእኩልነት» እንደማለት። አንዲት ወጣት (ወንዶችም ይሄዳሉ) ሰው አገር ከአንድ ቤተሰብ ጋር ትኖራለች፤ ልጆች ትጠብቃለች፤ በምትኩ ምግብ፣ የራሷ ክፍልና የኪስ ገንዘብ ታገኛለች፤ ቋንቋውንም ትማራለች። የአውሮፓ ምክር ቤት አባል አገሮች በ1969 እ.ኤ.አ. ስትራስቡርግ ላይ ስለዚሁ አንድ ስምምነት አዘጋጅተው ነበር። ዝርዝሩ ግን እንደየአገሩ ይለያያል። በአሜሪካ ለምሳሌ ሳምንቱ እስከ 45 ሰዓት ይደርሳል። እኔ የማውቀው የጀርመኑን ስለሆነ በእሱ ላይ እቆያለሁ።

የጀርመኑ ደንብ ግልጽ ነው። አመልካቿ 18 ዓመት የሞላት፣ ቪዛ ስትጠይቅ ደግሞ 27 ያልደፈነች መሆን አለባት። መሠረታዊ ጀርመንኛ፣ ማለትም አ1 የሚባለውን ደረጃ ታውቃለች፤ አዲስ አበባ ያለው የጎተ ተቋም ይህንኑ ያስተምራል። ቆይታው ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ነው፤ ሁለተኛ ዕድል የለም። በቀን ከ6፣ በሳምንት ከ30 ሰዓት በላይ አትሠራም፤ ማታ ልጆቹ ተኝተው እሷ ቤት የምትጠብቅበት ሰዓትም ከዚሁ ይቆጠራል። በሳምንት አንድ ቀን ተኩል ነፃ ናት፤ በወር ቢያንስ አንዱ እሑድ የእሷ ነው፤ ዓመት ከቆየች 4 ሳምንት ፈቃድ አላት። የኪስ ገንዘቡ ለዓመታት በወር 280 ዩሮ ሆኖ ቆይቷል፤ ለቋንቋ ትምህርት ደግሞ ቤተሰቡ በወር 70 ዩሮ ይጨምራል፤ የጤናና የአደጋ መድኅኑንም የሚከፍለው እሱ ነው። ቤት ውስጥ የሚጠበቅባት ቀላል ሥራ ነው፦ ለልጆቹ ቁርስ ማቅረብ፣ ልብሳቸውን ማጠብ፣ ክፍላቸውን ማስተካከል። አሮጊት ማስታመም ወይም የቤቱን መስኮት ሁሉ መወልወል የእሷ ሥራ አይደለም።

ብዙ ጊዜ ከምጠየቀው ጥያቄ አንዱ «ጀርመን ያለችው አክስቴ ልትወስደኝ አትችልም?» የሚል ነው። በኦ ፔር አትችልም። ዘመድ መሆን ክልክል ነው፤ ከዚህም በላይ የቤቱ ቋንቋ ጀርመንኛ መሆን አለበት፤ ጀርመንኛ የአፍ መፍቻቸው ያልሆነ ወላጆች ከራሳቸው አገር ልጅ ማስመጣት አይፈቀድላቸውም። ደንቡ ይህን ያለው ልጅቷ ቋንቋና ባህል ልትማር እንጂ በአማርኛ ልጅ ስታሳድግ ልትከርም ስላልሄደች ነው።

አገራችን ውስጥ ግን «ሰው አገር ሄዳ ልጅ ልትጠብቅ ነው» ሲባል ወዲያው ልባችን ውስጥ የሚመጣው ዓረብ አገር ነው። እዚያ የሄዱት እህቶቻችን የሄዱት ለደመወዝ ነው፤ ያዩትንም መከራ እናውቃለን። ኦ ፔር ከዚያ የተለየ ነው፤ ልዩነቱን ማወቅ ደግሞ ለልጅቷ ጥበቃ ነው። እኛ ሰው ቤት የምትገባን ልጅ የምናውቃት በሁለት መልክ ነው፤ ወይ እንግዳ ናት፣ ወይ ሠራተኛ። እንግዳ ከሆነች ተቀምጣ ይቀርብላታል። ሠራተኛ ከሆነች ማዕድ አትቀርብም፣ ከሁሉ ኋላ ትተኛለች። ኦ ፔር ከሁለቱም አይደለችም። ከቤተሰቡ ጋር አንድ ገበታ ትቀመጣለች፤ ስትነሳም እንደ ቤቱ ልጅ ሳህኗን ታነሳለች። ለዚህ ቦታ አማርኛችን የተዘጋጀ ቃል ስለሌለው ልጆቻችን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከአንዱ ወደ ሌላው ይዋልላሉ፤ አንድ ቀን ሳይታዘዙ ወጥ ቤቱን ሁሉ ሲፈትጉ ይውላሉ፣ በማግስቱ ደግሞ ውኃ ለመቅዳት እንኳ ፈቃድ ይጠብቃሉ።

ስም መጥራቱም ቀላል አይደለም። የቤቱ እናት ገና በር ላይ «ዱ በይኝ» አለችኝ፤ «አንቺ» በይኝ፣ በስሜም ጥሪኝ ማለቷ ነው። ዕድሜዋ ከእናቴ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። «እትዬ» ሳልል፣ «እርስዎ» ሳልል እንዴት አፌን ልክፈት? ለሦስት ሳምንት ያህል በምንም አልጠራኋትም፤ ዞር ብላ እስክታየኝ ቆሜ ነበር የምጠብቀው። በመጨረሻ እሷው ተቀይሜያት እንደሆነ ጠየቀችኝ። በእነሱ ዘንድ በስም መጥራት መቅረብ ነው፤ አለመጥራት ደግሞ መራቅ። ስታናግረኝ አቀርቅሬ መሬት መሬት ማየቴንም አንድ ነገር እንደደበቅኋት ቆጥራው ኖሯል።

የመጀመሪያው ሳምንት የወረቀት ሳምንት ነው። ከገቡ በ14 ቀን ውስጥ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ አድራሻ ማስመዝገብ ግዴታ ነው፤ ከዚያ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የባንክ ሒሳብ፣ የመድኅን ካርድ ይከተላል። ቤተሰቡ ይዟት ይሄዳል። ፓስፖርቷን ግን ማንም አይዝላትም፤ ከእሷው ዘንድ ይቀመጣል። የቤት ቁልፍም ይሰጣታል።

ከወረቀቱ ይልቅ ሰዓቱ ያስቸግራል። አንዲት ተማሪዬ ሕፃኑን ከመዋያ «ሀልብ ድራይ» ላይ እንድታመጣ ተነገራት። «ድራይ» ሦስት ነው፣ «ሀልብ» ደግሞ ግማሽ፤ ሦስት ተኩል ብላ ያዘችው። ጀርመኖች ግን የሚሉት «ወደ ሦስት የሚሄደው ግማሽ» ነው፤ 2:30 ማለት ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8:30። አንድ ሰዓት ሙሉ ዘግይታ ስትደርስ ሕፃኑ ካፖርቱን ለብሶ ከመምህሯ ጋር ብቻውን ተቀምጧል። ልጁ አላለቀሰም፤ ያለቀሰችው እሷ ናት። ስለዚህ ሰዓት ሲነገር በቁጥር ጽፎ ማሳየት ያስፈልጋል፤ «14:30?» ብሎ መጠየቅ ማንንም አያስቆጣም። በዚያ ላይ በማርችና በኦክቶበር ወር የመጨረሻ እሑዶች ሰዓታቸው ይቀየራል፤ በበጋቸው ከእኛ በ1 ሰዓት፣ በክረምታቸው በ2 ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው። ወደ ቤት ስትደውል ይህንን ማሰብ አለባት።

ስለ ልጆቹ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ዋናው ነገር እሱ ነውና። እኛ ልጅ መውደዳችንን የምናሳየው በመሸፋፈን፣ በማጉረስና ከብርድ በመከለል ነው። እዚያ ደግሞ በጥር ብርድ መስኮቱን ወለል አድርገው ከፍተው ቤቱን ያናፍሳሉ፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ። እኔ ሕፃኑን ብርድ ይመታዋል ብዬ ከኋላቸው እየተከተልሁ እዘጋ ነበር። ሲዘንብም ልጅ ይወጣል። ውኃ የማያሳልፍ ሱሪና ቡትስ ይደረግለትና ኩሬው መሐል ገብቶ ይንቦጫረቃል። የአራት ዓመቱ ልጅ የመጀመሪያ ቀን ጭቃ ላይ ዘፍ ብሎ ሲቀመጥ ብብቱን ይዤ ብድግ አደረግሁት፤ ተወራጨ፣ ጮኸ። እናቱ በመስኮት አየችን። ማታ ላይ ቀስ ብላ «ጭቃው የእሱ ነው፤ አንቺ መንገድ ዳር እንዳይሮጥ ብቻ ጠብቂው» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ ቀለለኝ። ጉርሻም እንዲሁ ነው፤ ልጁ በራሱ ሹካ ይበላል፤ ቢያፈስም ይበላል። «አልፈልግም» ካለ አፉ ውስጥ አይከተትም።

አንድ ነገር ግን ያለ ማለሳለስ መናገር አለብኝ። ልጅ አይመታም። ቁንጥጫም፣ ጆሮ መጠምዘዝም፣ በእጅ ጀርባ ቸብ ማድረግም ቢሆን አይቻልም። የጀርመን ሕግ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልጆች ያለ ምንም ዓይነት ጥቃት የማደግ መብት እንዳላቸው ደንግጓል፤ ይህ ወላጆቹንም ይመለከታል። ብዙዎቻችን ተቆንጥጠን ነው ያደግነው፤ ሲደክመንና ስንናደድ እጃችን የሚያውቀውን ሊያደርግ ይፈልጋል። ስለዚህ ልጅቷ ከመሄዷ በፊት፣ ልጁ መሬት ላይ ተንከባልሎ ሲጮህ ምን እንደምታደርግ አስቀድማ ታስብ፤ የቤቱንም እናትና አባት እነሱ ምን እንደሚያደርጉ በመጀመሪያው ሳምንት ትጠይቃቸው። የልጆቹን ፎቶ ፌስቡክም ሆነ ቲክቶክ ላይ ሳያስፈቅዱ መለጠፍም በብዙ ቤት ከባድ ጥፋት ነው።

ጾም የምትጾም ልጅ ስትሰጋ አያለሁ። አትስጋ። «ረቡዕና ዓርብ ቪጋን ነኝ» ብትል የማይገባው ጀርመናዊ የለም፤ የእህል ወተትና የሽምብራ ማባያ በየሱቁ አለ። የሚከብደው ገና ነው። ጀርመኖች ገናን የሚያከብሩት በዲሴምበር 24 ማታ ነው፤ የዓመቱ ትልቁ የቤተሰብ ገበታ የሚቀርበው በዚያ ሰሞን ነው፤ እኛ ደግሞ ያን ጊዜ ነቢያት ጾም ላይ ነን። የዚያን ዕለት አልበላም ማለት ሳይነገራቸው ከሆነ ያስቀይማል። በኅዳር ጾሙ ሲገባ አስረድታ፣ የእኛ ገና በጃንዋሪ 7 መሆኑን ብትነግራቸው ግን ድንቹን በዘይትና በኮምጣጤ ለብቻ ያሰናዱላታል። ለእኔም እንዲያ አድርገውልኝ፣ ታኅሣሥ 29 ደግሞ እኔ ዶሮ ወጥ ሠራሁላቸው። ረመዳን ለምትጾም ሙስሊም ልጅም ምክሩ ያው ነው፤ ወሩ ሳይገባ መናገር። ቡና መቁላት ካማራት ደግሞ የጀርመን መኝታ ቤቶች ጣሪያ ላይ ጭስ ጠቋሚ መሣሪያ መኖሩን አትርሳ፤ እጣኑንም ቡናውንም በረንዳ ላይ ታውጣው።

ለወላጆች የምለው አለኝ። የኪስ ገንዘብ ደመወዝ አይደለም። ከእሱ ላይ የስልክ፣ የጫማ፣ ከከተማ ወጣ ስትል የባቡር ታወጣለች። «እህትሽ ትምህርት ቤት ልትመዘገብ ነው» የሚል ስልክ በየወሩ ከመጣ፣ ልጅቷ እሑዷን ቤት ተዘግታ ታሳልፋለች፤ ወይም በድብቅ ሌላ ሥራ ትፈልጋለች፤ ያ ደግሞ ያልተፈቀደ ስለሆነ የመኖሪያ ፈቃዷን ሊያሳጣት ይችላል። አንድ ዓመት ታገሷት። ከመሄዷ በፊትም ደላላ ተጠንቀቁ። ለቪዛ፣ ለትኬት ወይም ለዋስትና ብሎ ገንዘብ አስቀድማችሁ ላኩ የሚል «ቤተሰብ» ቤተሰብ አይደለም። በጀርመን ሕግ አገናኝ ድርጅት ከኦ ፔሯ መቀበል የሚችለው ከ150 ዩሮ አይበልጥም።

ሁሉም ቤት ደግሞ ደግ አይደለም። ሰዓቱ ከ30 አልፎ 45 ከደረሰ፣ የትምህርት ቀኗ ላይ ሥራ ከተደረበባት፣ ዝም ብላ ልትሸከመው አይገባም። የሠራችበትን ሰዓት በየቀኑ ትጻፍ። ከዚያ እሑድ ማታ ልጆቹ ሲተኙ፣ ደብተሩን ይዛ ቁጭ ብላ ትነጋገር፤ ጀርመኖች ቅሬታን ፊት ለፊት ሲሰሙ አይቀየሙም፤ ለወራት ተደብቆ የኖረ ቅሬታ ግን እንደ ክህደት ይቆጥሩታል። ካልተስተካከለ ቤተሰብ መቀየር ይቻላል፤ ውሉ አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ሳምንት ማስጠንቀቂያ ይጠይቃል፤ ለውጡንም ለውጭ ዜጎች ቢሮ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ማንም እጁን ቢያነሳባት ወይም ቢተናኮላት ግን ሁለት ሳምንት መጠበቅ የለም፤ ፖሊስ 110 ነው። 116 016 ደግሞ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች ሌት ተቀን በነፃ የሚደውሉበት ቁጥር ነው፤ ስሟን ሳትናገርም ይረዷታል። ሁለቱን ቁጥሮች ከመሄዷ በፊት በወረቀት ጽፋ ትያዝ፤ ስልክ ይጠፋል፣ ባትሪም ያልቃል።

እኔ ደውዬ አላውቅም፤ ያ ቤት ደግ ቤት ነበር። ግን በሦስተኛው ወር አንድ ማታ፣ የአይቡ ዕቃ ሊከደን ሲል እጄን ዘርግቼ በስሟ ጠራኋትና «ቆይ፣ አንድ ዳቦ ልጨምር» አልኳት። ዕቃውን ወደ እኔ ገፋ አደረገችልኝ፤ ጨዋታዋንም ቀጠለች።