የማይመለስ ፍርድ

ነፍስ የገደለ ሰው ይገደል ወይስ በወህኒ ይኑር? ይህ ጥያቄ ዳኞችንና ሊቃውንትን ብዙ ዘመን ያከራከረ ነው።

አንዳንዶቹ እንዲህ ይላሉ፤ «ገዳይ ካልተገደለ የሟቹ ደም በከንቱ ፈሰሰ፤ ወገኖቹም ደሙን በገዛ እጃቸው ሊመልሱ ይነሣሉ። ክፉ ሰውም ሞትን ካልፈራ ምንን ይፈራል?» ይህ ነገር የሚናቅ አይደለም፤ ልጁ የተገደለበት አባት ኀዘኑ ታላቅ ነውና።

ሌሎቹ ግን እንዲህ ብለው ይመልሳሉ፤ «ዳኛ ሰው ነው፤ ሰውም ይሳሳታል። የታሰረው ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ የወህኒው በር ይከፈትለታል፤ የተሰቀለውን ግን ከመቃብር ማን ያወጣዋል?» ቤካሪያ የሚባል የኢጣልያ ሊቅም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1764 በጻፈው መጽሐፍ፥ ክፉዎችን የሚገታቸው የቅጣቱ ጭካኔ ሳይሆን ቅጣቱ የማይቀር መሆኑ ነው ብሎ አስተማረ።

በእንግሊዝ አገር የሆነው ነገር ይህን ክርክር ያስረዳል። በ1949 በሎንዶን ከተማ ቲሞቲ ኤቫንስ የሚባል ማንበብ በደንብ የማይችል የመኪና ነጂ ነበረ። ሚስቱና ሕፃን ልጁ ተገድለው ተገኙ። እርሱም ቃሉን እየለዋወጠ ተናገረ፤ ገድያለሁ እስከ ማለትም ደረሰ። በሸንጎ ፊት ግን ቃሉን ለውጦ፥ የገደለው ጐረቤቴ ክሪስቲ ነው አለ። ክሪስቲ ግን በእርሱ ላይ መሰከረ። ሸንጎውም ምስክሩን አመነ፤ ኤቫንስም ልጁን ገድሏል ተብሎ በ1950 ተሰቀለ።

ከሦስት ዓመት በኋላ በክሪስቲ ቤት የብዙ ሴቶች ሬሳ ተገኘ። በተያዘም ጊዜ የኤቫንስን ሚስት ጭምር እንደ ገደለ ተናገረ፤ እርሱም በ1953 ተሰቀለ። በ1966 የእንግሊዝ ንግሥት ለኤቫንስ ምሕረት ሰጠች፤ ነገር ግን ምሕረቱን የሚቀበል ሰው አልነበረም። የአገሩም ፓርላማ በነፍሰ ገዳይ ላይ የሚፈረደውን የሞት ቅጣት በ1965 ለአምስት ዓመት አቆመ፤ በ1969ም ፈጽሞ ሻረው።

ብዙ መንግሥታት ይህን ቅጣት ትተዋል፤ ሌሎች ግን በሕጋቸው ጠብቀውታል፤ ክርክሩም አላለቀም። ሁለቱም ወገኖች ግን በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ንጹሕ ሰው እንዲሞት የሚፈቅድ የለም። ስለዚህ ዳኛ ሳይመረምር አይፍረድ፤ ምስክርም ያላየውን አይናገር፤ የሚሰማም ሰው አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ አይቸኵል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስምና።