«አጥፉት!» — ካሜራ በገበያ ሕንፃ ውስጥ

አንድ ጨርቅ በሱቅ መብራትና በፀሐይ ብርሃን ሁለት ዓይነት ቀለም ያለው መስሎ መታየቱን በሥዕል ለማስረዳት አስበን፣ ካሜራችንን ይዘን አዲስ አበባ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ የገበያ ሕንፃ ጎራ ብለን ነበር። ሦስት ፎቶግራፍ እንዳነሣን የጥበቃ ሠራተኛው ደረሱብን። «ልጆች፣ እዚህ ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው! ያነሣችሁትንም አጥፉት!» አሉን። «ጋሼ፣ ለትምህርት እኮ ነው» ብንልም አልሰሙንም። እጃቸውን ወደ ካሜራው ሲዘረጉ ከመካከላችን አንዱ ፈጥኖ ሦስቱንም ሰረዛቸው።

ለመሆኑ ይህ ትእዛዝ በሕግ ፊት እስከ ምን ድረስ ይሄዳል? ሕንፃው ለገበያተኛ ሁሉ ክፍት ቢሆንም የግል ንብረት መሆኑ አይቀርም። ባለቤቱ ፎቶግራፍ ማንሣትን ሊከለክል፣ አልሰማም ያለውንም ውጣልኝ ሊለው ይችላል። የተለጠፈ ማስታወቂያ አላየንም ብለን መከራከራችንም፣ በቃል ከተነገረን በኋላ ዋጋ አልነበረውም። እስከዚህ ድረስ ጋሼ ትክክል ነበሩ። ካሜራው ግን የሕንፃው አካል አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 ማንም ሰው በእጁ የሚገኝ ንብረቱ እንዳይያዝበት ጥበቃ ይሰጠዋል። የሕንፃ ባለቤትነት ብቻውን የሌላውን ሰው ካሜራ ለመቀማት ወይም ሥዕሉን ለመደምሰስ ሥልጣን አይሆንም።

ይበልጥ የሚያስገርመው «ጠፋ» የተባለው ነገር አለመጥፋቱ ነው። በብዙ ካሜራዎች ማስታወሻ ካርድ ላይ ምስሉ በአንድ ወገን፣ ስሙና የሚገኝበት አድራሻ ደግሞ በሌላ ወገን፣ በማውጫው ውስጥ ይመዘገባሉ። ስንሰርዝ የሚለወጠው ማውጫው ነው፤ ከስሙ የመጀመሪያ ፊደል ቦታ የመሰረዝ ምልክት ይገባል፣ ምስሉ የያዘውም ሥፍራ «ነጻ ነው» ተብሎ ይመዘገባል። ከቤተ መጻሕፍት ካታሎግ አንድ ካርድ ቢነቀል መጽሐፉ ከመደርደሪያው እንደማይጠፋ ሁሉ፣ ምስሉም ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ይቆያል። (የዛሬ ስልኮች የሚያስቀምጡትን ስለሚመሰጥሩ ነገሩ በእነርሱ ላይ ይህን ያህል ቀላል አይደለም።) ካርዱን ሳንነካካ ቤተ ሙከራ አድርሰን በማስመለሻ ፕሮግራም ብንፈትሸው ሦስቱም ፎቶግራፎች ተገኙ።

ደስታችን ግን አልቆየም። በአንደኛው ላይ የሻጯ ፊት ጎልቶ ይታያል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትንና ማባዛትን ይከለክላል። እርግጥ ነው አንቀጽ 28 ለሳይንስና ለትምህርት በር ይከፍታል። እኛ ግን በዚያ በር መሹለኩ አልተዋጠልንም፤ ስለ ጨርቅ ቀለም ለማስረዳት የሻጯ ፊት ምን ያደርጋል?

በማግሥቱ ደብዳቤ አጽፈን የሕንፃውን ሥራ አስኪያጅ አስፈቀድን። ገበያተኛ ሳይበዛ፣ ጨርቁን ብቻ እንድናነሣ ተስማሙ። መብራቱን እያበሩና እያጠፉ የረዱን እኚያው ጋሼ ነበሩ። የቀድሞዎቹ ሦስት ምስሎች የነበሩበትን ካርድ ደግሞ ጢም እስኪል ድረስ በሌላ ፋይል ሞላነው።